ወደ ባሕር የዞረው ግድግዳ

ደጅ ወጥቶ መሣል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ግማሹ ሥራ ከነፋስ ጋር መታገል ነው። ከሥዕል ማቆሚያው እግሮች መካከል በገመድ ድንጋይ ታንጠለጥላለህ፤ አለዚያ ሸራህ ተነሥቶ ገደል ይገባል። ቀለምህ ውስጥ አሸዋ ይገባል፣ ዝንብ ይገባል፣ አንዳንዴም በግ መጥታ ታሸተዋለች። ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው ብርሃኑ ነው። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ያየኸው ብርሃን ነገ በዘጠኝ ሰዓት እንዲመለስ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ፤ ሳይመለስ ሲቀር ከሰማይ ጋር ትጣላለህ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከሰማይ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰው ግድግዳም ጋር የምጣላ ሰው ነበርኩ።

አንሰልም እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሞላኝ ጸደይ የቀለም ሣጥኔን በጀርባዬ አዝዬ የብሪታኒን ድንጋያማ ዳርቻ በእግሬ እዞር ነበር። በዚያ ዘመን እንደኔ ያሉ ሠዓሊዎች ብርዱ ቀለል ሲል ከከተማ እየወጡ ባሕር ዳር ይሰፍራሉ። የባሕር ዳር ሰዎችም ለምደውናል፤ እንደ ዕብድ ቢያዩንም ማደሪያ አይከለክሉንም። ፖርስጋርዝ ከምትባል መንደር ወጣ ብሎ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ለብቻው የቆመ የድንጋይ ቤት አገኘሁና ቆጡ ላይ ገለባ ተነጠፈልኝ። ለሁለት ቀን ብዬ ነበር የገባሁት።

የቤቱ ጌታ ጉልቨን ይባላል፤ አንድ ጀልባና ብዙ ዝምታ ያለው ዓሣ አጥማጅ ነው። ሚስቱ ሶአዚግ ትባላለች። የምትበልጠኝ በአምስት ዓመት ብቻ ቢሆንም፣ ሁለት ሴት ልጆችና መናገር የተዋት አማት ይዛ ያን ቤት የምታቆም ሴት በስሟ ብቻ ልጥራ ብል አፌ እሺ አላለኝም፤ እትዬ ሶአዚግ አልኳት። እሷም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ማለቱን ትታ አንተ አለችኝ።

የዚያ ቤት አንዱ ግድግዳ የቤቱ ሰዎች ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ነበር። መርከበኞቹ ከሩቅ ሲመጡ መጀመሪያ የጸሎት ቤቱን ሹል ጣሪያ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ወደ ባሕር የዞረውን የዚያን ቤት ነጭ ግድግዳ። ሹሉ ጣሪያ ከነጩ ግድግዳ አናት ላይ ቀጥ ብሎ ከታየ መንገዱ ክፍት ነው፣ ይገባሉ። ከግድግዳው ወደ ግራ ከሸሸ ግን እሪያዋ ትጠብቃለች። እሪያዋ የሚሏት ከውሃው በታች የተጋደመች ቋጥኝ ናት፤ ማዕበል ሲመታት ስለምታጉረመርም ነው ስሟ። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ጀልባዎቹ ከመጀመሪያው ሩቅ ጉዟቸው ሳይመለሱ፣ ግድግዳው ኖራ ይቀባል። ኖራውን መንደሩ ያመጣል፤ የምትቀባው የቤቱ ሴት ናት። ከአማት ወደ ምራት የወረደ ሥራ ነው፤ ወንድ ብሩሹን አይነካም።

እኔ በደረስኩበት ሳምንት ግድግዳው ነጭ አልነበረም። የክረምቱ ማዕበል ያለፈውን ዓመት ኖራ ልጦት፣ ድንጋዩ ወጥቶ፣ በላዩ የድንጋይ ሽበት በቅሎበት፣ ግራጫ ሆኖ ነበር። ግራጫ ስል ቃሉ አያንስም? እርጥብ አመድ የመሰለ ግራጫ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያዘነብል፣ የእርጅና ብጫ ነጠብጣብ ያለበት። ከሱ በታች ጥቁር ገደል፣ ከሱ በላይ ዝቅ ያለ ሰማይ። ከገደሉ ሥር፣ ድንጋዮቹ መሐል ቆሜ ቀና ብዬ ሳየው ሁለት ቀን ያልኩትን ረሳሁት።

ጉልቨን ወደ ሩቆቹ ደሴቶች ለሦስት ሳምንት ዓሣ ሊያጠምድ የወጣው እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ነው። አብረውት የሄዱት የሽማግሌው ኮራንታን ሁለት ልጆችና ኤርሌ ናቸው። ኤርሌ መሪውን የሚይዘው ነው፤ አርባ አምስት ዓመቱ፣ ሚስት የለው ልጅ የለው፣ አፉ ግን ለአሥር ቤተሰብ ይበቃል። ጀልባዋን ሲጭኑ ከእኔ ሸራ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ይኼ ምንድነው ሠዓሊው? ላም ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ከሆነ ያን ያህል አታሳምረው፤ ሰው ይገድላል።» ልጆቹ ሳቁ። «ይልቅ ጀልባችንን ጨምርልን እንጂ። እዚህ ጋ፣ እዚች ባዶ ውሃ ላይ።»

«እዚያ ጋ ጀልባ የለም።»

«ነገ እናልፍበታለን።»

«ነገ ስታልፉበት እሥላችኋለሁ። እኔ ዓይኔ ያላየውን አልሥልም፤ ቤት ገብቼም አልጨምርም አልቀንስም። ደጅ የጀመርኩትን ደጅ እጨርሳለሁ።»

«ሰማችሁ?» አለ ኤርሌ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «የሌለ ነገር አይሥልም! ከቄሱ የሚሻል ሰው አገኘን።»

ጉልቨን ፈገግ እንኳ አላለም። መሄጃው ሲደርስ ግን ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሶአዚግ፣ ኖራው ተብላልቷል። ሳንመለስ ይነጣ።»

«ረስቼ አውቃለሁ?»

«አልረሳሽም። አፌ ለምዶ ነው።»

ሄዱ። የቀሩት የመንደሩ ጀልባዎች ሰርዲን የሚሉት ዓሣ እስኪመጣ አሸዋ ላይ ተገልብጠው ነበር። ግድግዳው ፊቱን ለባሕር ስለሰጠ ከመንደር ሆኖ የሚያየው የለም። የሚያየው ከባሕር የሚመጣና እኔ ብቻ ነን።

በሄዱ በአራተኛው ቀን ሶአዚግ መሰላሉን በትከሻዋ፣ የኖራውን ባልዲ በእጇ ይዛ ስትወጣ ከታች አየኋት። ብሩሼን ጥዬ ሽቅብ ሮጥኩ። ስደርስ ትንፋሼ አልቆ መናገር አቃተኝ።

«ምን ሆነሃል? እባብ ነው?» አለችኝ።

«አትቀቢው!»

«ምኑን?»

«ግድግዳውን። እትዬ ሶአዚግ፣ እለምንሻለሁ። ሦስት ቀን ብቻ ስጪኝ። ያ ነጭ ከገባበት ሥዕሉ ይሞታል።»

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። ስቃ የምታባርረኝ መስሎኝ ነበር። «እስቲ ሥዕሉን አሳየኝ» አለች። ወረድን። ከሸራው ፊት ብዙ ቆመች፤ ወደፊት ቀረብ፣ ወደኋላ ራቅ አለች፣ እኔ ሳላሳያት እንዴት እንደሚታይ አወቀችው።

«ቤቴ ነው» አለች። «ያማረ ቤት ነው።»

«ያማረ ነው።»

«ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ይኼን ግድግዳ የሚያዩት መርከበኞች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ድንጋይ እንዳይበላቸው።» ሸራውን አንዴ ደግማ አየች። ከዚያ፣ «ሦስት ቀን» አለች።

በሦስቱ ቀን ፀሐይ ወጣች። ፀሐይ ስትወጣ ግራጫዬ ገለባ ይመስላል፤ መሣል አልቻልኩም። ሦስት ቀን ጨመርኩ። ከዚያ ዝናብ መጣ። ከዝናቡ በኋላ ብርሃኑ ለሁለት ሰዓት ተመለሰልኝና እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ የሠራሁትን ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። ሶአዚግ ጠዋት ጠዋት ስስ ቂጣና ቅቤ አስይዛኝ፣ «ዛሬ ይበቃሃል?» ትለኛለች። ነገ፣ እላታለሁ። ማታ ወርዳ ታያለች። አንድ ቀን እንዲያውም፣ «የመስኮቱ ጥግ ትንሽ ጠቁራብሃለች» አለችኝ፤ ትክክል ነበረች። ሥዕሉ የሁለታችንም እየሆነ መጣ። አሁን ሳስበው ከለመንኳት ልመና ይልቅ ይህ ነው የጎዳት። የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ምን ይታይሻል ብሎ የጠየቃት።

በሃያኛው ቀን ጠዋት ባልዲውን ይዛ ወጣች። «በቃ» አለች። «ነገ ወይም ተነገ ወዲያ ይደርሳሉ። ዛሬ ይቀባል።»

ሰማዩን አየሁት። ከስንት ቀን የጠበቅኩት ሰማይ ነበር፤ ጉም ያረገዘ፣ ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ።

«ዛሬን ብቻ» አልኳት። «ማታ ራሴ መሰላሉን እይዝልሻለሁ። ዛሬ ያልቃል፣ በእናቴ።»

ባልዲውን መሬት አስቀመጠችው። ባትስማማ ኖሮ፣ ብትሰድበኝ ኖሮ! አልተሳደበችም።

ሥዕሉ በዚያ ቀን በዐሥር ሰዓት ላይ አለቀ። ብሩሾቼን ስጠርግ ጉሙ ከባሕሩ እየተጎተተ መጣ፤ ባንድ በኩል ይከፈታል፣ በሌላው ይዘጋል። ሣጥኔን ዘግቼ ስወጣ ነው ከታች ጩኸት የሰማሁት፣ ከዚያ የጸሎት ቤቱ ደወል። ዓሣው በዝቶላቸው አንድ ቀን ቀድመው ተመልሰዋል። ጀልባዋ እሪያዋ ላይ ወጥታለች።

ወደ ባሕሩ ሮጥኩ። መንደሩ በሙሉ ሮጧል። ምን እንዳየሁ ዘርዝሬ አልናገርም፤ ተናግሬውም አላውቅ። ጀልባዋ ለሁለት ተሰብራለች። የኮራንታንን ትልቁን ልጅ ከሌሎች ጋር ሆኜ ከውሃው ጎትቻለሁ፤ ጫማ አልነበረውም። ከዚያ ታናሽየው፣ ከዚያ ጉልቨን። ኤርሌን መቅዘፊያ ላይ ተጠምጥሞ አገኙት፤ በሕይወት አለ። ሰው ሁሉ ሶአዚግ የታለች ይላል። «ሰምታ ወድቃ ይሆናል» አለች አንዲት ሴት። እኔ ላያት ወጣሁ።

አልወደቀችም። መሰላሉ ላይ ነበረች። ባልዲው አንድ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሌላው እጇ ግድግዳውን ትቀባለች። ብሩሹ የተሰበረባት ይመስለኛል፣ በጨርቅ ነበር የምትቀባው፤ ኖራው ክንዷ ድረስ ወርዷል። ግማሹ አልቋል። አዲስ ኖራ ሲቀቡት ውሃ ነው የሚመስለው፣ የሚነጣው ሲደርቅ ነው፤ ድንጋዩ ያው ግራጫ ነበር።

«እንዲያየው ነው» አለች ሳትዞር። «ጉሙ ሲከፈት እንዲያየው።»

«እትዬ ሶአዚግ...»

«እንዲያየው ነው!»

«ሞቷል» አልኳት። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

እጇ ቆመ። ከዚያ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረችና ቀጠለች። ስትጀምር ልታድናቸው ነበር፤ ስትጨርስ ልትደብቅ ነበር። የቱ ጋ እንደተለወጠ እኔም አላውቅ፣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

«መሰላሉን ያዝልኝ» አለች። ቃል ገብቼላት ነበርና ያዝኩላት።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱን ሬሳ ጸሎት ቤት አስተኝተው ሰዎቹ ግቢው ላይ ቆሙ። ኤርሌ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው ኮራንታን ፊቱ ቆመ። ሁለት ልጅ ባንድ ቀን ያጣ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን አልተሰበረም።

«ሃያ ዓመት የገባህበትን በር ነው የሳትከው?»

«ሹሉን አየሁት አባባ ኮራንታን። ግድግዳውን አላየሁትም። ነጩን ስፈልግ ወደ ግራ ያለው የአሸዋ ቁራጭ ነጥቶ ታየኝ፣ እሱ መሰለኝ። ግድግዳው አልነበረም።»

«ግድግዳው የት ሄደ? ገበያ?»

«ግራጫ ነበር። አልተቀባም ነበር።»

«ምን ያህል ጠጥተህ ነበር?»

«ጠብታ! በማርያም፣ ጠብታ አልቀመስኩም!»

«ኑ» አለ ኮራንታን። «ኑ እንየው።»

ሃያ ሰው የሚሆን ሽቅብ ወጣ፤ እኔም መሐላቸው። በገደሉ ጫፍ ዞረን ከባሕሩ በኩል ስንቆም ፀሐይ ወጥታበት ነበር። ግድግዳው ዓይን ይወጋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ያን ቀን እያደረ የጠራው ኖራው ነው።

«ይኼ ምንድነው?» አለ ኮራንታን። «ወተት ነው? ንገረን እንጂ!»

ኤርሌ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሶአዚግ ጥቁር ለብሳ፣ እጆቿን ሽርጧ ሥር ከታ ወጣች። ሽማግሌው ለሷ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። መቼ ነው የቀባሽው?»

«በሄዱ በሳምንቱ» አለች።

ኤርሌ ይህን ሲሰማ ዞር ዞር እያለ ሰዉን ማየት ጀመረ፣ የሚያምነው ፈልጎ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ ፊቱ በራ። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ሠዓሊው!» አለ። «ሠዓሊው አለ እንጂ! ከዚች ድንጋይ ሥር ሦስት ሳምንት ሙሉ ይኼን ግድግዳ ሲሥል ነበር። ሥዕሉን ያምጣ! ይኼ ሰው የሌለ ነገር አይሥልም፤ ራሱ ነግሮኛል፣ እነዚያ ልጆችም ሰምተዋል።» ለምስክርነት የጠራቸው ሬሳዎቹን ነበር።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ነጭ ነበር ወይስ አልነበረም?» አለኝ ኮራንታን።

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ግን፣ «ነገ የባሕር ሹሙ ለምርመራ ሲመጣ ሥዕሉን አሳያለሁ፤ ሥዕሉ ይናገራል» አልኩ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ኤርሌ ግን ትከሻዬን ይዞ፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሶአዚግ ቆጡ ላይ ወጣች። እጆቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ኖራው ቆዳዋን ልጦታል። ገለባው ላይ ተቀመጠች። ሥዕሉ የቆጡን ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ሁለታችንም አላየነውም።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ።

«የለመንኩሽ እኔ ነኝ። እሱን እናገራለሁ።»

«ከዚያስ? አንተ ሣጥንህን ታዝላለህ፣ ትሄዳለህ። የሚጠይቁት እኔን ነው። ግድግዳው የማን ነው? ብሩሹ የማን ነው? የኮራንታን ሚስት ውሃ የምትቀዳው ከኔ ጋር ነው፤ ባንድ ጉድጓድ።» ድምፅዋ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር። «ሴቶች ልጆቼንስ ማን ያያቸዋል? እናታቸው አባታቸውን የገደለች ልጆች ሊባሉ ነው?»

«ኤርሌስ?»

የእጇን ጨርቅ አጠበቀች። ከዚያ፣ «ኤርሌ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው» አለች።

ያን ስትል በጥፊ የመታችኝ ያህል ተሰማኝ፤ ግን እውነቱን እንናገር፣ ቀልሎኛልም። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ እያየሁ ዳዋው እኔ ባለመሆኔ ቀለለኝ። እሷ ለልጆቿ ፈራች። እኔ ለምን ፈራሁ? እንደኔ ያለው ሰው ለስሙ ይፈራል፤ በየባሕሩ ዳር፣ ሠዓሊ ማደሪያ በጠየቀ ቁጥር፣ ሦስት ሰው ለግራጫ ቀለም ያስገደለው አንሰልም እየተባለ ሲነሣ ታየኝ።

«የምታደርገውን አድርግ» ብላ ወረደች። አልለመነችኝም። ይህን ስለሷ መናገር ይገባኛል።

ሥዕሉን ወደ ቆጡ መስኮት አዞርኩት። ነጩን ቀለም ገበታዬ ላይ አወጣሁ። ዐሥር ዓመት ከጣሪያ በታች ብሩሽ ሸራ ላይ አሳርፌ አላውቅም፤ በዚህ ነገር ሰው ስሰድብ ነው የኖርኩት። ግድግዳውን ቀባሁት። ነጩ ሲገባ ሰማዩ ሐሰት መሰለ፣ ስለዚህ ሰማዩንም ነካካሁ፤ ከዚያ የውሃውን ነጸብራቅ፤ ከዚያ የገደሉን ጥላ አጠቆርኩ። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጠራ እስከ ማታ ሠራሁ። ስጨርስ ወደኋላ ራቅ ብዬ አየሁት።

ነጩ ከገባ ሥዕሉ ይሞታል ብዬ ነበር። አልሞተም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የበለጠ ሥዕል ሆነ። ያ ሁሉ ግራጫ ያለዚያ ነጭ የደከመ ነገር ኖሯል፤ ሰማዩ ተነሣ፣ ገደሉ ከበደ፣ ባሕሩ ቀዘቀዘ። በአራተኛው ቀን ሶአዚግ ባልዲዋን ይዛ ስትወጣ ዝም ብዬ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ሥዕል ከሦስቱ ሰዎች ሕይወት ጋር አገኘው ነበር። ቆጡ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አትጠይቁኝ።

የባሕር ሹሙ በማግሥቱ በጋሪ መጣ፤ ወፍራም፣ የደከመው፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር። ሥዕሉን ደጅ አውጥቼ አጥሩ ላይ አቆምኩት። ሰዉ ከበበው። ሹሙ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ጣቱን ሲሰድ፣ «አልደረቀም» አልኩት።

«የሠዓሊ ሥዕል መቼ ደርቆ ያውቃል» አለ ኮራንታን፤ ባለፈው ዓመት ያረፈበት ሌላ ሠዓሊ አዲስ ልብሱን አበላሽቶበት ነበር። አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አመለጠው።

«ነጭ ነው» አለ ሹሙ፣ ጻፈውም።

ኤርሌ ከሰዉ መሐል ወጥቶ ሸራው ፊት ቆመ። እንዲጮኽ ጠበቅኩት። ውሸታም እንዲለኝ፣ አንገቴን እንዲያንቀኝ ጠበቅኩት፤ ቢያንቀኝ እናገር ነበር፣ ይህን ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። አልጮኸም። ሥዕሉን አየ፣ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፣ ሥዕሉን እንደገና አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም፣ ያ ነው የገደለኝ።

«እሱ የሌለ ነገር አይሥልም» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዲያው ዓይኔ ነው።»

ዓይኖቹን በመዳፉ አሸ።

«ዓይኔ ነው» አለ እንደገና። «ግራጫ ሆኖ ነው የታየኝ። ዋሽቶኛል ዓይኔ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ሄዶ መጀመሪያ ሽማግሌው ኮራንታን እግር ላይ ወደቀ። ኮራንታን ፊቱን አዙሮ ሄደ። ከዚያ ወደ ሶአዚግ በጉልበቱ መጣ፤ ሰዉ ከፈል ብሎ መንገድ ሰጠው። አርባ አምስት ዓመቱ፣ ያ ቀልደኛ፣ እንደ ሕፃን ንፍጡ እየወረደ።

«ሶአዚግ፣ ባልሽን ገደልኩት። ይቅር በይኝ።»

እኔን አላየችም። አንዴም አላየችኝ። ጎንበስ አለችና በጨርቅ የተጠቀለለ እጇን ራሱ ላይ አደረገች።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ተነሥ።»

እጇን ይዞ ሳመው። ጨርቁ ላይ፣ ኖራው በላጠው ቦታ ላይ። ሲያማት አየሁ፤ እጇን ግን አላስለቀቀችውም።

ከዚያ ወዲያ ኤርሌ መሪ አልያዘም። ማንም አይሰጠው ነበር፤ ቢሰጡትም አይቀበልም ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ከድንጋይ ላይ ቆሞ በመንጠቆ ዓሣ ያጠምድ ጀመር፣ ብቻውን። ቀልድ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ዓርብ ዓርብ ካገኘው ሁሉ ትልቁን ዓሣ በሣር ጠቅልሎ ሶአዚግ ደጃፍ ያመጣል። ግባ ስትለው፣ «እኔ ልግባ? በምን ፊቴ?» ብሎ ደጃፉ ላይ አኑሮላት ይሄዳል። እስኪሞት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አደረገ፤ ማዕበል ቀን እንኳ አልቀረም። እኔም በሥዕሉ ካደረግኩት መሸሽ አልቻልኩምና በየጸደዩ ሣጥኔን አዝዬ እዚያ ቤት እመለስ ነበር፤ እስከ ፋሲካ ዝም ብዬ ቆጡ ላይ እተኛለሁ። ዓርብ ሲሆን ሶአዚግ ያን ዓሣ ትጠብሰዋለች፤ ቆርሳ ለልጆቿ ትሰጣለች፣ ለኔም ትሰጠኛለች፣ ራሷም ትበላለች። እኔም እበላ ነበር።